የላንድ ክሩዘር 80 የእጅ ፍሬን፦ ሸራ፣ ሞላና ማንሻ የመቀየር ሥራ ማስታወሻ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

መኪናዋ ላንድ ክሩዘር 80 ናት፤ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ፣ አራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን። የእግር ፍሬኗ ቀጥ አድርጎ ያቆማታል። የእጅ ፍሬኗ ግን ከተበላሸ ከርሟል። ማንሻው እስከ መጨረሻው ጥርስ ቢሳብም ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ዝግ እያለች ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ለቦሎ ምርመራ በቀረበች ጊዜም ማሽኑ ጉዳዩን ለይቶ አሳየ፤ የኋላ ግራ እግር በመጠኑ ሲይዝ የኋላ ቀኙ ፍሬን የተሳበበት አይመስልም ነበር።

እስከዚያው ድረስ በቤታችን መኪናዋን ስናቆም የኖርነው በድንጋይ ነው። በዓባይ በረሃ ወይም በጣርማ በር መንገድ የተጓዘ ሰው ረዳት ከጭነት መኪና ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወሽቅ ሳያይ አይቀርም። ድንጋዩ መኪናውን ይይዛል፤ መኪናው ሲሄድ ግን አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ማታ የሚመጣ ባለሞተር ሳይክል ይከፍልበታል። ከ2 ቶን በላይ የምትመዝን መኪና በሰፈር ዳገት ላይ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ፣ በአንድ ድንጋይ ታምና መቆሟ ሁልጊዜ ያስፈራኝ ነበር። ይህን ሥራ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ከእግር ፍሬኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የእግር ፍሬኑ ዲስኩን ከውጭ በካሊፐር ጨብጦ ያቆማል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ በዲስኩ መሐል፣ ከውስጥ በኩል በተሠራ ትንሽ ታምቡር ውስጥ ተቀምጧል፤ ታምቡሩን ከውስጥ ገፍተው የሚይዙ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ሸራዎች ናቸው። በፍሬን ዘይት ግፊት አይሠሩም፣ የሚስባቸው ካቦ ብቻ ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለች ብቻ ስለሚሠሩ ሸራዎቹ በመፋተግ አያልቁም ማለት ይቻላል። የሚገድላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ዝገት፣ ጭቃ፣ የሞላ መድከም፣ የዘይት መፍሰስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይሳቡ መክረም። «በማርሽ ብቻ ነው የማቆማት» የሚል ሰው መኪና ላይ ይህን ፍሬን ብትከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ ሸራው አዲስ ሆኖ፣ ዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ ሞቶ ታገኙታላችሁ።

የእኛም መኪና ከዚህ በፊት ጋራዥ ገብታ ነበር። የተደረገላት ግን ካሳለፍነው የጋራዥ ልምድ የተለየ አልነበረም፤ ማንሻው ሥር ያለውን ዳዶ አጥብቆ ካቦውን ማሳጠር። ለጥቂት ሳምንታት ያዘች፣ ከዚያ ተመልሳ ላላች። በካቦ ማጥበቅ የሚገኝ ፍሬን ውሸት ነው። ውስጥ ያለው ክፍተት እንዳለ ሆኖ ማንሻው ብቻ ከማረፊያው ይነሣል፤ ሸራው በግማሽ ተስቦ ይውላል፣ ሲነዳ ይሞቃል፣ ሲቆም አይይዝም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ካቦው የሚነካው በመጨረሻ ነው ብዬ ወስኜ ነው የገባሁት።

ዕቃ ፍለጋ

ሸራው በቀላሉ ተገኘ። የተቸገርኩት በሞላዎቹ ነው። መለዋወጫ ሻጮች ሸራውን አውጥተው ሲያሳዩ ሞላና ፒን ሲጠየቁ «የድሮውን መልሰህ ግጠመው፣ ምን ይሆናል» ይላሉ። ሶማሌ ተራም ያገለገሉ ሞላዎች አይቼ ነበር፤ ቀለም ተቀብተው ያምራሉ፤ ነገር ግን ሞላ መድከሙ በአንድ እይታ አይለይም። ጥምዝምዞቹ ተራርቀው ከቆዩ፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ከተከፈተ ያ ሞላ ሞቷል። በመጨረሻ ሙሉውን በአንድ ከረጢት አገኘሁ፦ የመመለሻ ሞላዎች፣ ሸራውን ከሳህኑ (ከጀርባው ካለው ቋሚ ብረት) ጋር የሚይዙት ፒኖች ከነሞላቸውና ከነቆባቸው፣ ለክርኑ ማንሻ (ካቦውን ከሸራው ለሚያገናኘው የታጠፈ ብረት) ደግሞ አዲስ የላስቲክ ሽፋን። ዋጋው ከሸራው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሸራ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባ ለጀርባ አስተኝታችሁ ጥምዘታቸውን አስተያዩ፤ ስፋታቸውንና ቀዳዳዎቹን ደግሞ ዓይናችሁ ያረጋግጥ። ብረቱ ላይ ከተለጠፈው የመፋተጊያ ንጣፍ ሥር ጥፍር አስገብቶ ጠርዙን መሞከርም ጥሩ ነው፤ ማጣበቂያው ከጠርዝ የተላቀቀ ከሆነ አዲስም ቢሆን አይገዛም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ግራ እግር

ዝናቡ ጋብ ብሏል። መኪናዋን ሜዳ የሆነ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቦታ አቆምኳት። የፊት ጎማዎቿ ከፊትም ከኋላም በታኮ ተያዙ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በምክንያት ነው። የእጅ ፍሬን የሚሠራ ሰው የእጅ ፍሬኑን ፈትቶ ነው የሚሠራው፤ ብዙው ሰውም «ማርሽ አስገብቼዋለሁ» ብሎ ይተማመናል። አንድ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ማርሹ አይጠቅምም፤ ዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) የተንጠለጠለውን ጎማ አሽከርክሮ መሬት ላይ ያለውን ይለቀዋል። መኪናዋን የሚይዛት ታኮው ብቻ ነው። ክሪኩ ካነሣት በኋላም ክብደቷ ያረፈው አክስሉ ሥር በገቡ የብረት ማቆሚያዎች ላይ ነው፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም።

ጎማው ወጣ፣ ካሊፐሩ ተፈታ። ካሊፐሩን በሽቦ ወደ ላይ አሰርኩት፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል አይተውም። ዲስኩ ግን አልወጣም። ሁለት ምክንያት አለው፤ አንደኛው በሀቡ (ጎማው በሚታሰርበት እምብርት) ዙሪያ ያለ ዝገት፣ ሁለተኛው ደግሞ ታምቡሩ ጠርዝ ላይ የቀረ ከንፈር ሸራውን ስለሚይዘው ነው። በመዶሻ መደብደብ አያስፈልግም። በዲስኩ ፊት ያለውን የላስቲክ ድፍን አንሥቶ በቀዳዳው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በማስገባት በሁለቱ ሸራዎች መካከል ያለውን ጥርሳም ማስተካከያ ወደ መላላት ማዞር፤ ከዚያ ዲስኩ ላይ ባሉት ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብቶ ሁለቱን እኩል እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። ማስተካከያው አልዞር አለ። ቡሎኖቹ ግን ሥራቸውን ሠሩ፤ ዲስኩ ተንቋቆ ወጣ።

የወጣውም ጉድ ነው። የኋለኛው ሸራ ንጣፍ ከብረቱ ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ ታምቡሩ ውስጥ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ጥግ ተኝቷል። ውፍረቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ዝቅተኛው መጠን 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የሞተው ማጣበቂያው ነው። ብረቱ ላይ የዝገት ቅርፊት ተነሥቶ ንጣፉን ከሥሩ ፈንቅሎ ገፍቶታል። ከላይ ካሉት የመመለሻ ሞላዎች አንዱ መንጠቆው ላይ ተሰብሯል። ሸራውን ከሳህኑ ጋር የሚይዘው ፒን አንገቱ ላይ በዝገት ተበልቶ የስፌት መርፌ አህሏል፤ በጣቴ ስጠመዝዘው ተሰበረ። ይህ ፒን በመንገድ ላይ ቢሰበር ሸራው ታምቡሩ ውስጥ ተገልብጦ ጎማውን ሊያስር ይችላል። ሸራ ብቻ ቀይሮ የድሮውን ፒን መመለስ ማለት ይህን መልሶ መግጠም ነው።

አቧራውን በአየር አልነፋሁትም። የቆየ መኪና ላይ ሸራው ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ውኃ ረጭቼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጨርቁን በፌስታል አስሬ ጣልኩት። ወንድሜ በአፉ ሊነፋ ሲጎነበስ ነው ያስቆምኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የክርኑ ማንሻ

በ80 ላይ ካቦው በቀጥታ ሸራው ጋር አይደርስም። ከሳህኑ ጀርባ፣ ከውጭ፣ እንደ ክርን የታጠፈ ማንሻ አለ፤ ካቦው አንዱን ክንድ ሲስብ ሌላው ክንድ ወደ ውስጥ ያለውን የሸራ ማንሻ ያንቀሳቅሳል። የተሠራበት ቦታ ከጎማው በስተውስጥ፣ ጭቃና ውኃ በሚረጭበት አቅጣጫ ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ሲቀደድ ጭቃው ፒኑ ውስጥ ይገባና ይደርቃል። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፤ ከዓመታት በኋላ ማንሻው ከፒኑ ጋር አንድ ብረት ይሆናል።

የእኛው በመፍቻ ብደገፈውም አልነቃነቅ አለ። ጎረቤታችን የሆኑ ጡረታ የወጡ መካኒክ በአጥር በኩል ሲያዩን ቆይተው ገቡ።

«ሸራውን ጨረስክ?»

«አልገጠምኩም ጋሼ፣ ይኼ አልላቀቅ ብሎኝ ነው።»

«ጎሽ፣ እንዳትገጥም። እሱ ካልተፈታ አዲሱም ሸራ እንደ አሮጌው ነው የሚሆነው። አትምታው ልጄ፣ ዘይት አጠጣውና ሻይ ጠጣ።»

እንዳሉት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጥቼ ተውኩት። በየመሐሉ እየተመለስኩ ጨመርኩለት፣ በቀላሉ ወዲያና ወዲህ ገፋሁት። መጀመሪያ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ተነቃነቀ፤ ከዚያ ቡናማ ዝገት የተቀላቀለበት ዘይት ከፒኑ ጎን መውጣት ጀመረ። ያ ሲታይ ነው የተስፋው ምልክት። ክሊፑን አውጥተን ፒኑን ገፍተን ስናወጣው ጋሼ ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ፤ በአንድ ወገን የተፋቀ መንገድ አለው፣ ግን የሚጣል አይደለም። ፒኑን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀዳዳውን ደግሞ በተጠቀለለ ወረቀት አጸዳን፤ ግራሶ ሞልተን፣ አዲሱን ላስቲክ አልብሰን መለስነው። አሁን በአንድ ጣት ይሄዳል፣ በራሱ ሞላ ይመለሳል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው፤ ሸራ ማንም ይገዛል።

ሸራ መግጠም

ሳህኑን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። ሸራው ሳህኑን እየነካ የሚንሸራተትባቸው ከፍ ከፍ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ይቀባል። ከበዛ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ሸራው ይፈሳል። ጥርሳሙ ማስተካከያ ተፈትቶ ጥርሱ እስኪበራ ተፋቀ፣ ግራሶ ተቀባ፣ እስከ መጨረሻው ተሰብስቦ ተገጠመ።

በዚህች መኪና ላይ አስቸጋሪው ቦታ ጠባብነት ነው። ሀቡ ፊት ለፊት ተደንቅሮ ስለሚቆም እጅ የሚገባው ከጎን ነው፤ ቆቡን ተጭኖ ፒኑን ሩብ ዙር ለማዞር ያለው ቦታ ጣት ተኝቶ የሚያልፍበት ያህል ብቻ ነው። እኔ ፒኑን ከሳህኑ ጀርባ ወንድሜን አስያዝኩና ከፊት በረጅም አፍ ፒንሳ ቆቡን ገፋሁ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሄደ፦ መጀመሪያ የሸራውን ማንሻ ከኋለኛው ሸራ ጋር አያይዞ ሸራውን በፒኑ ማስያዝ፤ ቀጥሎ በሁለቱ ሸራዎች መካከል የሚገባውን ገፊ ዘንግ ከነሞላው ማስቀመጥ፤ የፊተኛውን ሸራ ማስያዝ፤ ከታች ማስተካከያውን ማስገባት፤ በመጨረሻ ከላይ ባለው ቋሚ ፒን ላይ የመመለሻ ሞላዎቹን ማንጠልጠል። ሞላውን በካቻቢቴ ጫፍ መጎተት ዓይን ያስከፍላል፤ የሞላ መሳቢያ መሣሪያ ይዛችሁ ሥሩ፣ መነጽርም አድርጉ። የሌላውን እግር ፍሬን አንዱ ሳያልቅ አለመክፈት ደግሞ ትልቅ ብልሃት ነው፤ የትኛው ሞላ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግራ ሲያጋባ ያልተነካው ጎን መልሱን ይዞ ይቆያል።

እሑድ፣ ቀኝ እግር

ቀኙ ለምን ጨርሶ እንዳልያዘ ጎማው እንደወጣ ታወቀ። ሳህኑ ከታች በኩል ረጥቧል፤ የሸተተውም የፍሬን ዘይት ሳይሆን የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ሸራዎቹ ጠቁረው ያብለጨልጫሉ። እንዲህ የሆነ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም፣ ዘይቱ ውስጡ ገብቷል፤ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። እዚህ ላይ አዲስ ሸራ ብቻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱ መቆም አለበት።

የ80 የኋላ አክስል ክብደቱን የሚሸከመው በሀቡ ኩሽኔታ ላይ ነው፤ የአክስሉ ዘንግ ማዞር እንጂ መሸከም ሥራው አይደለም። ስለዚህ ስድስቱን ዳዶዎች ፈትቶ ዘንጉን ብቻውን ማውጣት ይቻላል። ዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ እነርሱ ናቸው ግትር የሚሉት። ጎናቸውን በነሐስ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብዬ ስመታ አንድ በአንድ ዘለሉ። ዘንጉ ሲወጣ ሀቡ ውስጥ የነበረው ግራሶ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል፤ ይህ ማለት በአክስሉ ጫፍ ያለው ፓራኦሊዮም (ዘይት የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) በሀቡ ጀርባ ያለውም አልቀዋል። ሁለቱም ተቀየሩ፤ ኩሽኔታዎቹ ታጥበው፣ ተመርምረው፣ አዲስ ግራሶ ጠግበው ተመለሱ።

ፓራኦሊዮ ለምን አለቀ ብሎ መጠየቅም የሥራው ክፍል ነው። አክስሉ ላይ መተንፈሻ አለ። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር በዚያ ይወጣል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ዘይቱንም በፓራኦሊዮው በኩል እየገፋ ይወጣል። የእኛው መተንፈሻ በደረቀ ጭቃ ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ታጥቦ ተነፋ፣ ሞላው እንዲሠራ ሆነ። ይህ ባይታይ አዲሱ ፓራኦሊዮ የሚቆየው ለአንድ ክረምት ነበር።

ሀቡ ከወጣ በኋላ ሸራ መግጠም እንዴት እንደሚቀል! ትናንት በጣት ጫፍ የተለቃቀምነው ሥራ ዛሬ ፊት ለፊት ተዘርግቶ አለቀ። የቀኙ ክርን ማንሻም እንደ ግራው ተፈትቶ፣ ተፍቆ፣ ግራሶ ጠጥቶ ተገጠመ። የታምቡሩን ውስጥ ዲያሜትር ለካሁት፤ መደበኛው 230 ሚሊ ሜትር ሆኖ እስከ 231 ይፈቀዳል፣ የእኛው ገና ዳር አልደረሰም። በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አሸት አድርጌ መለስኩት። የፈሰሰውም የዲፈረንሻል ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ተሞላ።

ማስተካከያው

ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው ይህ ክፍል ነው። ዲስኩ ከሀቡ ጋር ተጣብቆ እንዲቀመጥ በጎማ ዳዶዎች አጠበቅኩት፤ ካልሆነ ይዘምና ልኩ ይሳሳታል። የእጅ ማንሻው ሙሉ በሙሉ ተለቅቋል፣ ካቦውም ላልቷል። በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብቼ ዲስኩ በእጅ አልዞር እስኪል ማስተካከያውን ገፋሁ፤ ከዚያ 8 ጥርስ ወደ ኋላ መለስኩ። ዲስኩ ሳይፋተግ በነፃ ዞረ። የእጅ ማንሻውን ጥቂት ጊዜ ጠንክሬ ስቤ ለቀቅኩ፣ ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው፤ እንደገና ስለካው ክፍተቱ ሰፍቶ ስለነበር ከመጀመሪያው ደገምኩት።

ቀጥሎ የክርኑ ማንሻ ማረፊያ ቡሎን። የክርኑን ማንሻ በቀስታ ስቤ መንቀዋለሉ ሲጠፋ በእሱና በቡሎኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አስተካክዬ የመቆለፊያ ዳዶውን አሰርኩ። ከሁሉም በኋላ ወደ ካቦው መጣሁ። ጋራዥ ያጠበቀውን ዳዶ ብዙ መፍታት ነበረብኝ፤ ውስጡ ሲስተካከል ካቦው ያን ያህል ማጠር አላስፈለገውም። አሁን የእጅ ማንሻው በስምንተኛው ጥርስ ላይ ድርቅ ብሎ ይይዛል። ማንሻው ሲለቀቅ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በእጅ ሲዞሩ እኩል ቀላል ናቸው።

ሸራ ማላመድ

አዲስ ሸራ ታምቡሩን ሙሉ በሙሉ አይነካም፤ መላመድ አለበት። ጠዋት በሱሉልታ ሜዳ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ከኋላ መኪና ሳይኖር፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳሁ የማንሻውን ቁልፍ ተጭኜ በመጠኑ ሳብኩት፤ 400 ሜትር ያህል እንዲህ ነዳሁና ለቀቅኩ። ቁልፉ ሳይለቀቅ መያዝ አለበት፤ ማንሻው ጥርስ ላይ ከተቆለፈ የኋላ ጎማዎች ታስረው መኪናው ሊዞር ይችላል። ነድቼ አብርጄ ደገምኩት፣ አንድ ጊዜም ጨመርኩ። በመስኮት ትንሽ የሸራ ሽታ ገባ፣ የሚጠበቅ ነው። ቆሜ ሁለቱንም ጎማዎች በእጄ መዳፍ ቀረብ ብዬ አየሁ፤ ሙቀታቸው ተመሳሳይ ነው። አንዱ ብቻ ቢሞቅ ኖሮ የሞቀው ይፋተጋል ማለት ነበር።

ከዚያ እንጦጦ። በዳገቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ፣ ማርሽ ሳላስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ እግሬን ሳላርቅ የእግር ፍሬኑን ለቀቅኩ። ቆመች። አዙሬ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁል አድርጌም ሞከርኩ። ይህ ፍሬን ሲዞር አንደኛው ሸራ ሌላውን በማስተካከያው በኩል ይገፋል፤ አቅጣጫው ሲቀየር ገፊና ተገፊው ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል መፈተን አለበት። በሁለቱም ቆመች፣ ወንድሜም ከኋላ ሆኖ በትከሻው ገፋ፤ ንቅንቅ አላለችም። ታኮው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎማው አጠገብ ነበር።

ጎማዎቹን አውልቄ አየሁ፤ ከመለስኳቸው በኋላ የጎማ ዳዶዎቹንና የአክስል ዳዶዎቹን በመለኪያ መፍቻ ደግሜ አጠበቅኩ። የቀኙ ሳህን ደረቅ ነው። በግራ በኩል ያለው ካቦ ግን ውጫዊ ሽፋኑ አክስሉ አጠገብ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ገና ስለሚንሸራተት ለጊዜው በግራሶና በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፣ አዲሱ ታዟል። ሲመጣ ሁለቱም ጎን አብረው ይቀየራሉ፣ ማስተካከያውም ያን ቀን እንደገና ይለካል።